ባሌና ሳነቴ በራስ መኪና፦ ከልጆችና ከእናት ጋር፣ በራቭ 4

የሰሚቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ፈተና እንደጨረሱ በራሳችን መኪና ባሌ ልንሄድ አስበናል። መንገዱ በአሰላ፣ በቆጂና ዶዶላ በኩል ዲንሾና ጎባ፣ ከዚያ የሳነቴ ከፍተኛ ሜዳ፣ ከተቻለም እስከ ሐረና ጫካ ነው። አምስት ነን፦ እኔና ባለቤቴ (ተራ በተራ እንነዳለን)፣ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ5 ዓመት ሴት ልጅ፣ እናቴ። እናቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ትንሿ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያስመልሳታል። መኪናዋ የ2008 ራቭ 4፣ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ ናት።

ማወቅ የምፈልገው ስንት ቀን እንደሚበቃና የት ማደር እንደሚሻል፣ ከፍታው ለእናቴና ለልጆቹ እንዴት እንደሚሆን፣ ጋራዥ ምን ላስፈትሽ እንደሚገባኝ፣ ሐረና ድረስ መውረድ ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ይመከር እንደሆነ ነው። ተራራ ቁልቁለት ላይ አውቶማቲክ እንዴት እንደሚነዳም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ጅብራ፦

እህቴ፣ ወቅቱን አሳምረሽ መርጠሻል። ከኅዳር እስከ ጥር የባሌ ሰማይ ይጠራል፣ ፒስታውም ይደርቃል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጎህ ሲቀድ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ይታያል።

አራት ሌሊት ከሌላችሁ ሳነቴን ተዉትና ዲንሾ ላይ ተመለሱ። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ለሙሉ የመንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ጎባ በአሰላ በኩል ወደ 430 ኪ.ሜ ገደማ ነው፤ የስልኩ ካርታ የሚሰጣችሁን ሰዓት አትመኑት፣ ከልጆችና ከእናት ጋር ከነምሳው 10 ሰዓት ያዙለት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። እስከ አዳማ ያለው ፈጣን መንገድ 85 ኪ.ሜ ያህል ነው። ከአዳማ በኋላ ደራንና ኢተያን አልፋችሁ አሰላ ስትደርሱ 2,400 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ጭላሎም (4,036 ሜትር) በግራ በኩል ይታያችኋል። አሰላ ላይ ቁርስ ብሉ እንጂ ብዙ አትቀመጡ። በቆጂ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ እነ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሮጡባት ከተማ ስለሆነች ልጆቹ ወርደው ትንሽ እግራቸውን ቢያፍታቱ ደስ ይላቸዋል።

ከሳጉሬ እስከ አሳሳ፣ ከዚያም ከዶዶላ እስከ ሮቤ የስንዴና የገብስ አገር ነው። መከር ያልጨረሰ ኮምባይነር ሙሉ አስፋልቱን ይዞ በ20 ኪ.ሜ ፍጥነት ሲሄድ ልታገኙ ትችላላችሁ። ኩርባ ላይ በፍጹም አትቅደሙት፤ ሹፌሩ ከኋላው ያለውን አያይም፣ እናንተም ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ አታዩም። ጋሪ፣ ፈረሰኛና ከብት የመንገዱ ባለቤቶች ናቸው። ከብት ሲሻገር ከመሃል አትግቡ፤ ጥሩምባ ሲሰሙ ወደኋላ የሚመለሱ ጥጆች አሉ።

ከአዳባ በኋላ ወደ ዲንሾ ስትወጡ፣ ከተማው ሊደርስ ሲል የጋይሳይ ሜዳ አለ። መንገዱ በዳር በዳሩ ያልፋል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ኒያላዎቹ (የደጋ አጋዘን የምንላቸው) ከጥዱና ከኮሶው ወጥተው ሣር ይግጣሉ፤ እናትሽ ከመኪና ሳይወርዱ ሊያዩዋቸው ይችላሉ። መኪናውን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮት ብቻ ክፈቱ። ከወረዳችሁ ይሸሻሉ።

ማደሪያ ላይ የብዙ ሰው ምክር ዲንሾ ነው። እኔ ግን ለእናንተ ጎባ ወይም ሮቤ ይሻላል እላለሁ። ዲንሾ 3,100 ሜትር ላይ ነው፣ ጎባ 2,700 ገደማ፣ ሮቤ ከዚያ ዝቅ ይላል። ከሮቤ ጎባ 14 ኪ.ሜ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ወደ ዲንሾ ተመለሱና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ በእግር ተዘዋወሩ፤ ዱኩላና ከርከሮ ከሰው ብዙ አይርቁም፣ እናትሽ ደግሞ ኮሶው ሥር ቁጭ ማለት ይችላሉ። የመግቢያ ክፍያውን እዚያው ክፈሉ፣ አስጎብኚም ከማኅበራቸው ያዙ። ደረሰኙን አትጣሉት፤ በማግስቱ ሳነቴ በር ላይ ይጠየቃል። ማታ ጎባ ተመልሳችሁ እደሩ።

ሦስተኛው ቀን የሳነቴ ነው። ከጎባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ፤ ከዚያ በፊት ጥላ የያዘው ኩርባ አመዳይ ሊኖረው ይችላል። መንገዱ በጥዱና በአስታው መካከል ወጥቶ ድንገት ይገለጥና 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋው ሜዳ ላይ ያወጣችኋል፤ ጅብራው (የደጋው ረጅም ተክል) ብቻውን ቆሞ፣ በየመሃሉ ትንንሽ ሐይቅ። ቀይ ቀበሮ ቀን የሚያድን እንስሳ ነው። የሚያድነው ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅና አይጦቹ ሲወጡ አብሮ ይወጣል። በዓለም ላይ ከቀሩት ወደ 500 ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት እዚህ ባሌ ነው፣ መኪናም ይገድላቸዋል። ስለዚህ ሜዳው ላይ ከ30 ኪ.ሜ አትለፉ፣ የተረፈ ምግብ አትወርውሩ። ውሻ ካላችሁ ቤት ይቅር፤ ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እዚህ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል።

ቱሉ ዲምቱ ተራራ (4,377 ሜትር) ጫፍ ድረስ የመኪና መንገድ አለው። ለእናንተ አልመክርም። ሜዳው ይበቃል፤ ከ7 ሰዓት በፊት ወደ ጎባ ቁልቁል ጀምሩ፣ ከሰዓት ደመናው ሲወርድ አሥር ሜትር የማይታይበት ጊዜ አለ። አራተኛው ቀን የእረፍት ይሁን፣ ወይም በጎሮ በኩል ሶፍ ዑመር ዋሻ ሂዱ፤ ቆላ ስለሆነ ትንፋሽ ይመልሳል። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ከሮቤ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አትንዱ።

የፍሬን ሸራ፦

የመኪናውን ነገር እኔ ልውሰደው።

ለዚህ ጉዞ ከሞተሩ በላይ የሚያሳስበው ፍሬን ነው። ራቭ 4 ከአምስት ሰውና ከሻንጣ ጋር ወደ 2 ቶን ትጠጋለች። ይህ ክብደት 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 58 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ያፈላል። ያን ሙቀት ሁሉ ለዲስክና ለሸራ ከሰጠሽው ይቃጠላሉ። ሞተሩ እንዲይዘው ካደረግሽ ግን በራዲያተሩና በማርሚታው በኩል ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የፍሬን ዘይት አስቀይሪ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሁለት ዓመት ካለፈው ሳትጠራጠሪ አስቀይሪ። ያልተከፈተ ጠርሙስ ዶት 4 አንድ ሊትር ይበቃል፣ ከዶት 3 ጋር ቢገናኝም ችግር የለውም። ዶት 5 የሚል ከሆነ ግን እንዳያስገቡበት፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። የፊት ሸራ ውፍረት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ሳይቀየር አትሂዱ።

አነዳዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ እያለሽ፣ ማርሹን ከዲ ወደ 3 ወይም 2 አውርጂ፤ በጣም በቆመው ኩርባ ላይ ወደ ኤል። መመሪያው ቀላል ነው፦ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። ሞተሩ 3,000 ዙር ላይ ቢጮህ አትደንግጪ። እግርሽ ከነዳጅ ሲነሳ ቤንዚን መርጫው ራሱ ይዘጋል፣ ስለዚህ ሞተሩ ቢጮኽም ነዳጅ አያቃጥልም። ፎሌ አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው የድሮ ወሬ ነው፤ ፎሌ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል፣ አንቺን ግን አይይዝሽም። ፍሬን ስትይዢ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። እግርን ሳያነሱ ለስለስ አድርጎ ረጅም መያዝ ነው ሸራ የሚያቃጥለው።

ሌላም ነገር አለ። የፍሬን ሴርቮ (ፔዳል ስትረግጪ እግርሽን የሚያግዘው ክፍል) የሚሠራው በውጭው የአየር ግፊት ነው። 4,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል 62 በመቶ ገደማ ስለሆነ ፔዳሉ ከለመድሽው ትንሽ ይከብዳል። ብልሽት አይደለም፤ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልገሽ ቁሚ፣ ግማሽ ሰዓት ይብረድ። ዲስኩ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ጎማው ላይ ድንጋይ አስደግፉ። ስትነሱ ደግሞ ድንጋዩን ከመንገድ አንሱት፤ ሌሊት የሚመጣ ባለሞተር ይገደልበታል።

ጉልበቱን በተመለከተ፦ አዲስ አበባ ላይ መኪናሽ ቀድሞውንም ከባሕር ወለል ጉልበቷ ሩቡን ገደማ አጥታለች። ሳነቴ ላይ ከአዲስ አበባው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ይህን ያባብሰዋል፣ ቀይሪው። ዳገት ላይ ሙቀት ማሳያው ከተነሳ ኤሲውን አጥፉ፣ የማሞቂያውን ንፋስ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ ወደ 87 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ የራዲያተር ክዳኑ ላስቲክ መያዝ አለበት፤ ያረጀ ክዳን ግፊት ያስወጣና ሞተሩ ያፈላል። ትኩስ እያለ ክዳኑን አትክፈቱ። ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውሃ ከሆነ ያለው አስቀይሩት፣ ሌሊት ከዜሮ በታች በረዶ ይሆናል።

ጎማ፦ ስኮርታው ንፋስ እንዳለው ተመልከቱ፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። የጎማ ብሎኑን በራሳችሁ መፍቻ ከመነሳታችሁ በፊት ሞክሩት፤ ጎሚስታ በማሽን ያጠበቀውን በእጅ መፍታት አንዳንዴ አይቻልም። ለክሪኩ ከ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ጣውላ ያዙ፣ ፒስታ ላይ ይሰምጣል። ፒስታው ላይ ንፋስ ወደ 26 ፒኤስአይ ቢወርድ ጉዞው ይለሰልሳል።

ነርሷ፦

ስለ ከፍታው። የአዲስ አበባ ሰው በመሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ 2,300 ሜትር ላይ የኖረ ደም 4,000 ሲወጣ ከቆላ የመጣውን ያህል አይቸገርም። ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ግን ጎባ ላይ ሁለት ሌሊት ሳያድር አታውጡት። ከላይ የተሰጠው ዕቅድ፣ ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር፣ ትክክል ነው።

እናትዎን ከመነሳትዎ በፊት የሚከታተላቸው ሐኪም ይያቸው። ግፊታቸው በመድኃኒት የተረጋጋ ከሆነ፣ የልብና የሳንባ ችግር ከሌለባቸው፣ ለጥቂት ሰዓት በመኪና ወጥቶ መመለስ ብዙ ሰው ይችለዋል። ከፍታ ላይ ግፊት ከፍ ሊል ስለሚችል መለኪያ ካለ ይያዙ፤ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ሳነቴ ላይ ከመኪና ሲወርዱ ደግፈዋቸው ቀስ ብለው ይራመዱ። ሽቅብ የሆነ ነገር አይውጡ።

ቀላል ራስ ምታት ብዙ ሰው ላይ ይከሰታል። ውሃ፣ ፓራሲታሞል፣ ከዚያ በላይ አለመውጣት። ከራስ ምታቱ ጋር ማስመለስ ከመጣ፣ አረማመድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠረ ግን አይጠብቁ፣ ወዲያው ይውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። የ5 ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ» ላትል ትችላለች፤ ምግብ እምቢ ካለች፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨች፣ ወይም ባልተለመደ ሰዓት ከደነዘዘች እንደ ከፍታ ሕመም ቁጠሩት። ጠመዝማዛው ላይም ስለሚያስመልሳት ሁለቱን ለመለየት መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል አቁሙ፤ የመንገዱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይለቃታል፣ የከፍታው ከሆነ አይለቃትም።

ለመንገዱ ሕመም፦ ከመነሳቷ በፊት ደረቅ ዳቦ ወይም ቂጣ ትብላ፤ ቅባት፣ ወተትና የማንጎ ጭማቂ ይቅር። ኋላ መሃል ላይ ተቀምጣ በፊት መስታወት በኩል ሩቅ ትመልከት። ስልክና መጽሐፍ ጠመዝማዛ ላይ አይሰጣት። ወንበሯን ከፍ የሚያደርግ የልጅ መቀመጫ ካለ ሁለት ችግር ይፈታል፤ ቀበቶው አንገቷ ላይ አያርፍም፣ ውጭውንም ታያለች። ጆሮ ሲደፍን ሁለቱም ከረሜላ ይምጠጡ።

ፀሐዩ ቀዝቃዛ መስሎ ያቃጥላል፤ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ለሁሉም። ነጠላ ብቻ አይበቃም፣ ጋቢ ይያዙላቸው። ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሁን፤ ሳነቴ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። የታሸገ ቺፕስ ከፍታው ላይ ይነፋል፣ ሊፈነዳና ልጆቹን ሊያስደነግጥ ይችላል።

ሐረና፦

ጅብራ ስለ ሐረና ዝም ማለትህ ገረመኝ። ሳነቴን አይቶ ሐረናን አለማየት ግማሽ ጉዞ ነው። ከሜዳው ጠርዝ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሺህ ሜትር ያህል ወርዶ ሪራ መንደር ያደርሳል፤ ከአስታው ወደ ሽበት የለበሰ ዛፍ፣ ከዚያ ወደ ቀርከሃ፣ ዝቅ ሲል የዱር ቡና። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ የአየር ንብረት የሚያሳይ ሌላ መንገድ አገራችን ውስጥ አላውቅም።

በጥር፣ ደረቅ ከሆነ፣ ራቭ 4 ሪራ ድረስ ትወርዳለች። ግን መኪናዋ በአራቱም ጎማ የምትነዳ (ፎር ዊል) መሆኗን አረጋግጡ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ሎክ የሚል ቁልፍ ካላት ናት። ቁልፉ የሚሠራው በዝግታ ነው፣ ከ40 ኪ.ሜ ገደማ በላይ ራሱ ይለቃል። የዚያው ቀን ጠዋት ከጫካው ማዶ ካለችው ደሎ መና የመጣ አይሱዙ ሹፌር ጎባ ላይ ጠይቁ፤ «ትናንት ዘንቧል» ካለ ቀሩ። የጫካው አፈር እርጥብ ሲሆን ጎማው ላይ ይለጠፍና ጥርሱን ይሞላዋል፣ ያኔ አራት ጎማም አይረዳም።

በ26 ፒኤስአይ ግን አልስማማም። አምስት ሰው የጫነች መኪና ስለታም ድንጋይ ላይ በዚያ ንፋስ የጎማው ጎን ይቆረጣል። 29 ወይም 30 ይሁን፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። የሚለካውም ጎባ ላይ ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብትሞሉት በከፍታው ልዩነት ብቻ ሳነቴ ላይ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያሳያል፣ ብርዱ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል፤ ግራ ትጋባላችሁ።

የፍሬን ሸራ፦

ለተጫነ መኪና ልክ ነህ፣ 29 ይሁን። እኔ ባዶ መኪና አስቤ ነው።

ጅብራ፦

የሐረናን ውበት አልክድም። ነገሬ ሌላ ነው፦ ሪራ ከወረዱ በኋላ እናትየዋ ወይም ትንሿ ብትታመም፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ያለው ጎባ ነው፣ ወደ ጎባ ለመመለስ ደግሞ ያንኑ 4,000 ሜትር እንደገና መውጣት ግድ ነው። በከፍታ የታመመን ሰው ለማውረድ መልሶ ማውጣት የለም። ከእናትና ከሕፃን ጋር ከሆነ የሜዳው ጠርዝ ድረስ ሄዳችሁ፣ ጫካውን ከላይ አይታችሁ ተመለሱ። ከጠርዙ ቁልቁል ሲታይ ከደመናው በላይ የምትሆኑበት ቀን ብዙ ነው።

ሰንዳፋ_22፦

ጥያቄውን ልጥለፍና፣ በኤሌክትሪክ መኪናስ ይቻላል?

የፍሬን ሸራ፦

ጎባ ደርሶ ሳነቴን መውጣት አይደለም ከባዱ። 2 ቶን የሚከብድ መኪና ከጎባ 1,300 ሜትር ሲወጣ ለከፍታው ብቻ የሚያስፈልገው ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ሲወርድ ከግማሽ የማያንሰውን ይመልሳል፣ ሞተሩም ጥሩ ፍሬን ይሆናል። ባትሪው መቶ በመቶ ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ከጀመርክ ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው አይዝልህም፣ በ85 ጀምር። ከባዱ የመንገዱ 430 ኪ.ሜ ነው። የሆቴል ተራ ሶኬት በ10 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ ቢሞላ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው የሚሰጥህ፣ መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ አሰላ ወይም ዶዶላ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ካልጨመርክ፣ ሆቴሉም ምድር መስመር ያለው ሶኬት እንዳለው በስልክ ካላረጋገጥክ አትሞክረው። ዝቅ ያለ መኪና ከሆነ ደግሞ ባትሪው ከሥር ስለሆነ ፒስታው ላይ ድንጋይ ተጠንቀቅ።

የሰሚቷ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ሐረናን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል፣ ከሜዳው ጠርዝ እንመለሳለን። እናቴን የፊታችን ሳምንት ሐኪም ጋ እወስዳቸዋለሁ። የቀረኝ የነዳጅ ነገር ነው፤ የት የት ልሙላ?

ሐረና፦

አዳማ ላይ ሙሉ አድርጉ፣ ዶዶላ ላይ ደግሞ ወረፋ ከሌለ ጨምሩ። ታንኩ ከግማሽ በታች እስኪወርድ አትጠብቁ፤ ማደያው ቢኖርም ቤንዚኑ የሌለበት ቀን አለ። ሳነቴን ደርሶ መልስ ወደ 100 ኪ.ሜ ብትሉት፣ በዝቅተኛ ማርሽ በ100 ኪ.ሜ እስከ 15 ሊትር ሊበላ ይችላል፣ የራቭ 4 ታንክ 60 ሊትር ነውና ግማሽ ታንክ ይዞ ከጎባ መውጣት ይበቃል። ሜዳው ላይ ማደያ የለም። ክፍያው እንደ ቴሌብር ባለ ዲጂታል መንገድ ስለሆነ ሂሳቡ ላይ ብር አስቀምጡ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ሌላ ሰው እንዲከፍልላችሁ በእጅ ጥሬ ብር ይኑር። ሳነቴን የምትወጡበት ዋዜማ ማታ ሙሉት፤ ጠዋት ወረፋ ላይ አንድ ሰዓት ከቆማችሁ ቀበሮው የሚታይበት ሰዓት ያልፋል። ጎባ ላይ ካላገኛችሁ ሮቤ ሞክሩ።